የማሕሙድ አሕመድ ድምፅና የጠፉት ሸክላዎች

የሕዝብ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦርነት ወሬ ብቻ የሚጻፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችን መጠን ታሪክን በመዝገብና በማኅደር ውስጥ መፈለግ ለምደናል። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት በኩልፎ ድልድይ አጠገብ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ፣ ታሪክን ከጠረጴዛ ሥር አመድ ተሸክሞ አገኘነው። የሻይ ቤቱ እመቤት የወባ ትንኝ ማባረሪያ ጢስ የሚያጤሱበት ሰሐን የመሰለ ጥቁር ነገር ነበራቸው። አንሥተን አመዱን ብናራግፈው፣ መካከሉ የተበሳ፣ ፊቱ በቀጫጭን ክብ መስመር የተቀረጸ የሙዚቃ ሸክላ ሆኖ ተገኘ። ከሙቀቱ የተነሣ ጫፉ ተጣሞአል። የመካከሉ ወረቀት ግማሹ ተልጦ ሄዷል፤ በቀረው ላይ «ማሕሙድ» የሚለው ስም ብቻ ይነበባል።

«እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የባለቤቴ ነው፣ ልጄ፤ ነፍሱን ይማረውና ከአዲስ አበባ ለመስቀል ሲመጣ ያመጣው ነው። ማጫወቻው ተሽጦ አልቋል፤ ይሄ ምን ያደርጋል?» ሲሉ መለሱልን። ባለቤታቸው ሸማኔ ነበሩ። የዶርዜ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ጥበብ ሲሠራ ከርሞ፣ ለመስቀል በዓል ወደ ደጋው አገሩ መመለሱ በጋሞ ዘንድ ከጥንት የታወቀ ልማድ ነው። ሲመለስም ባዶ እጁን አይመለስም፤ ለቤተ ሰቡ ልብስና ጨው፣ አቅም ያለው ደግሞ ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ይዞ ይገባ ነበር። እንግዲህ ነገሩን ስናስበው፣ ከጋሞ እጅ የወጣው ሸማ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ የዘፋኞችን ትከሻ ሲያለብስ፣ የዘፋኞቹ ድምፅ ደግሞ በሸማኔው ጓዝ ውስጥ ተጠቅልሎ የጨንቻን ዳገት ይወጣ ነበር ማለት ነው።

እኛ የካሴት ዘመን ልጆች ነን። ሸክላ ሲዞር ያየነው በፊልም ነው፤ ማሕሙድ አሕመድንም የምናውቀው በተላላጠ ካሴትና በሠርግ ቤት ነው። ያች የተጣመመች ሸክላ ግን ዕረፍት ነሣችን። ይህን ያህል ስም ያለው ሰው፣ ድምፁ የተቀረጸበት ዕቃ የትንኝ ጢስ ማጨሻ እስኪሆን ድረስ እንዴት ተጣለ? ከዚያ ወዲህ ስለ ማሕሙድና ስለ ሸክላዎቹ የተጻፈውንና የተነገረውን ስንሰበስብ ቆይተን፣ ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እነሆ እናቀርባለን። ስለ አጠራሩ ግን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ በዕድሜም በማዕረግም «አንቱ» የሚገባው ሰው ነው። ነገር ግን አገሩ ሁሉ «ማሕሙድ» እያለ እንደ ገዛ ልጁ ሲጠራው ስለ ኖረ፣ እኛም ከሕዝቡ አጠራር መለየት አልፈለግንም።

ማሕሙድ አሕመድ በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከጉራጌ ቤተ ሰብ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ. ም. ተወለደ። ቀኑን ልብ ይሏል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ስለ ነበረ፣ ሕፃኑ የተወለደው ከተማይቱ ገና የድል እልልታዋን ሳትጨርስ ነው። ከነጻነት ጋር አብሮ የተወለደው ይህ ልጅ ግን ከድህነት ነጻ አልነበረም። የትምህርት ገበታው እምብዛም አልሰመረለትም፤ በሊስትሮነት የሰው ጫማ እየጠረገ፣ ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ አደገ። ራዲዮ ሲሰማ ግን ሥራውን ይረሳ ነበር ይባላል። በዚያን ጊዜ በራዲዮ የሚሰማው ዘመናዊ ዘፈን የሚመጣው ከክብር ዘበኛ፣ ከጦር ሠራዊት፣ ከፖሊስ ሠራዊትና ከሀገር ፍቅር የሙዚቃ ክፍሎች ነበር። ዛሬ እንግዳ ሊመስለን ይችላል እንጂ፣ በዚያ ዘመን ትልልቁ የሙዚቃ ጓድ ሁሉ በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ነበር፤ ዘፋኙም እንደ እኛው በወር ደመወዝ መዝገብ ላይ የሚፈርም ሠራተኛ ነበር።

ጎልማሳ ሲሆን ማሕሙድ አሪዞና በሚባል የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ የወጥ ቤትና የመስተንግዶ ሥራ ያዘ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች የደንብ ሥራቸውን ሲጨርሱ ሌሊቱን በዚያ ክበብ ይጫወቱ ነበር። እ. ኤ. አ. በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሳይመጡ ቀሩ። ሳሕን አመላላሹ ወጣት «እኔ ልሞክር» ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለትና ዘፈነ። ከዚያች ሌሊት ጥቂት ቆይቶ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተቀጠረ፤ እስከ 1974 እ. ኤ. አ. ድረስም በዚያው አገለገለ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ተረት ይናገረዋል፤ ዕድል አገኘ ይላሉ። እኛ ግን ዕድሉን እንዲህ አናየውም። ሌሊት ሌሊት ሳሕን እያነሣ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በልቡ ያጠና ሰው ባይሆን ኖሮ፣ ዘፋኙ የቀረበት ምሽት ለእርሱ ሥራ የበዛበት ተራ ምሽት ሆኖ ባለፈ ነበር።

የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ማሕሙድን በተቀበለው ጊዜ ቁስለኛ ነበር። የታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተነሣው ከክብር ዘበኛ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ጦሩ ብቻ ሳይሆን ሙዚቀኛውም መከራውን ቀምሷል። ታላቁ ጥላሁን ገሠሠ ራሱ በዚያ ሰበብ ታስሮ ነበር፤ ኋላም ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዛወረ። ማሕሙድ የገባው እንግዲህ የጥላሁን ድምፅ ገና ከጆሮ ባልጠፋበት ቤት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት አዲስ ገብ የቀድሞውን ሰው ይመስል ዘንድ መፈተኑ አይቀርም። ማሕሙድ ግን የራሱን መንገድ ያዘ። የጥላሁን ድምፅ ወጥቶ የሚያዝዝ ሲሆን፣ የማሕሙድ ድምፅ ወርዶ የሚለምን ነው፤ በስንኙ መጨረሻ ላይ ቃሉን እንደ መተው እያለ ያንቀጠቅጠዋል። ይህ መንቀጥቀጥ ከአዝማሪ የተወረሰ ነው እንጂ ከማይክሮፎን የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ሸክላው ነገር እንመለስ፤ ብዙው ቁም ነገር ያለው በዚህ ነውና። ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በእነ ማሕሙድ ዘመን አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የመኪና ነገር እንዲማር ወደ ጀርመን አገር የላኩት ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው በበርሊን ከተማ ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ ተመልሷል። ይሁን እንጂ ጅምሩ ወደ ንግድ አላደገም። እ. ኤ. አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ፤ ማኅበሩም ያሳተመው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ማሕሙድ ወደ ኦርኬስትራው ከገባ በኋላ ለዓመታት ድምፁ በራዲዮ ሞገድና በክበብ ጢስ ውስጥ እየተሰማ ያልፍ ነበር እንጂ፣ ገዝቶ ወደ ቤት የሚወስደው ሰው አልነበረም። የአንድ ዘፋኝ ድምፅ ከ20 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማሕሙድ የዚያ ዕድሜው ብዙ ክፍል ያለ ሸክላ ነው ያለፈው።

ይህን አጥር የጣሰው አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነው። የሸክላ ሱቅ ነበረው፤ ሱቁ በውጭ አገር ዘፈን ተሞልቶ ሳለ ደንበኛው ሁሉ የአገሩን ዘፈን እየጠየቀ ባዶ እጁን መመለሱ አንገበገበው። እ. ኤ. አ. በ1969 የማኅበሩን ብቸኛ መብት እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ፣ በውጭ አገር ፋብሪካ አሳትሞ አስገባ። ሥራውን የሚያስቆም ቅጣትም አልደረሰበትም። መቼም እኛ ሕግ አስከባሪ ከሚባለው ወገን ስለ ሆንን፣ ድንጋጌ የጣሰን ሰው ማመስገን አያምርብንም፤ ነገር ግን ድንጋጌው የተሰጠው ሙዚቃ እንዲያድግ ከሆነ፣ ለ20 ዓመታት ያህል ተቀምጦ ያላሳደገውን ነገር አንድ ባለ ሱቅ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማሳደጉን መካድ አይቻልም። አምሐ እስከ 1975 እ. ኤ. አ. ድረስ 103 ትንንሽና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አሳተመ። ዓሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው ዓሊ አብደላ ካይፋም ተከተለው። በ1969 እና በ1978 እ. ኤ. አ. መካከል በአገሪቱ በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች እንደ ወጡ ይገመታል። የኢትዮጵያ ሸክላ ዕድሜ በዋናው እነዚህ 10 ዓመታት ናቸው፤ ከዚያ በፊት ጥቂት፣ ከዚያ በኋላም ምንም አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማሕሙድ ለዚህ በር መከፈት ዝግጁ ሆኖ ነበር የቆየው። ከ1970ዎቹ እ. ኤ. አ. መጀመሪያ አንሥቶ ትንንሾቹን ሸክላዎች በተከታታይ አስቀረጸ። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፣ በአንድ ገጹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያህል የሚይዝ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ እያረዘመ ሲጫወት የኖረ ሰው፣ መግቢያውን፣ ልመናውን፣ የሳክስፎኑን ምላሽና መውጫውን በአራት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነበረበት። እንደ ዛሬው እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀርጾ ማገጣጠም ስላልነበረ፣ ባንዱና ዘፋኙ በአንድ ክፍል ቆመው በአንድ ጊዜ ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ። የእነዚያ ሸክላዎች ትኩሳት ከዚህ የመጣ ይመስለናል። ተማሪዎች በልምምድ ክፍል ቢሞክሩት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይገባቸዋል።

ከሁሉ የላቀው ሥራው እ. ኤ. አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውና ካይፋ ያሳተመው «ኧረ መላ መላ» የተባለው ትልቁ ሸክላ ነው። አይቤክስ በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረ፣ ከጦር ክፍል ያልወጣ የግል ባንድ ነው፤ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ፈቃደ አምደ መስቀል በሳክስፎን ነበሩበት። ኋላም ሮሃ ባንድ ተብሏል። በዚህ ሸክላ ላይ የኦርኬስትራው ሰፊ የናስ መለከት ቀርቶ በምትኩ የቤዝ ጊታሩ መስመር እንደ ከበሮ ይረግጣል፤ ማሕሙድም በላዩ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይለምናል። ዘፈኑ የፍቅር ነው። ነገር ግን የወጣበትን ዓመት እናስብ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ገና ዓመት ቢሆን ነው፤ በከተማ የሰዓት እላፊ ታውጇል፤ የሚመጣውን የሚያውቅ የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ መላ የሚጮህ ዘፈን ለሰሚው ከፍቅር የሰፋ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም ብለን እንገምታለን። ግምታችንን እንጂ ማስረጃ ይዘን አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን ለሌሊት ሥራ የማይመች ሆነ። የሰዓት እላፊው ከ15 ዓመት በላይ ስለ ቆየ የምሽት ክበብ ኑሮ ከሰመ። አምሐ አገር ጥሎ ሄደ። የሸክላ ኅትመትም በ1978 እ. ኤ. አ. አካባቢ ፈጽሞ ቆመ፤ ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ስለ ነበረና በየቤቱ ስለሚባዛ ለእንደ እኛ ላለው የክፍለ ሀገር ሰው ዘፈንን አቅርቧል፤ ይህን ሳናመሰግን አናልፍም። ነገር ግን በካሴት መባዛት የዘፋኙን ኪስ ያራቆተ ከመሆኑም በላይ፣ አሮጌውን ሸክላ ዋጋ ቢስ አደረገው። ማጫወቻው ሲበላሽ መርፌ የሚሸጥ ጠፋ፤ መርፌ ሲጠፋ ሸክላው ወደ ጣራ ሥር ወጣ፤ ከጣራ ሥርም ወደ ትንኝ ጢስ ወረደ። የኩልፎዋ ሸክላ የሕይወት ታሪክ ይህ ነው።

እ. ኤ. አ. በ1981 ማሕሙድ ከዋልያስ ባንድ፣ ከጌታቸው ካሣና ከውብሸት ፍሥሐ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘፈነ። ከሙዚቀኞቹ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። በዚያን ጊዜ መቅረትን የሚወቅስ ሰው ጥቂት ነው፤ እኛም አንወቅስም። ማሕሙድ ግን ተመልሶ በፒያሳ የሙዚቃ መደብሩን ይዞ፣ ከሮሃ ባንድ ጋር እየዘፈነ ኖረ። አገሩ የቀረው ሰው ስሙ ወደ ውጭ የወጣው ደግሞ ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1984 እ. ኤ. አ. በፈረንሳይ አገር በፗቲዬ ከተማ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ የሙዚቃ አፍቃሪ፣ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣውን የማሕሙድን ሸክላ ሰማ። ሰምቶም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እ. ኤ. አ. በ1986 ደግሞ በብራስልስ ያለው ክራምድ ዲስክስ የተባለ ማተሚያ ቤት «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ ሰሚ አሳተመ። በጆሮ ለኖረ ሰው አንድ ሸክላ ከሻንጣ መውጣቱ በቂ ነበር። ከ1997 እ. ኤ. አ. ገደማ ጀምሮም ፋልሴቶ በፓሪስ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ማውጣት ያዘ፤ ከዚህም ውስጥ 6ኛው፣ 7ኛው፣ 19ኛውና 26ኛው የማሕሙድ ናቸው። በ2007 እ. ኤ. አ. የእንግሊዙ ቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ለማሕሙድ ተሰጠ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ከ65 አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ስለ ጋሞ አንድ ነገር ሳንጨምር ብናልፍ ቅር ይለናል። በጋሞ ደጋ ዘፈን የአንድ ሰው አይደለም። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ከፍ አድርጎ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ከሥር ያጉረመርማል፤ ድምፆቹ በአንድነት እየተለያዩ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው የብዙ ድምፅ ዘፈን ከአገራችን ሙዚቃ መካከል የራሱ ወገን ነው፤ በቴአትር ቤት ስላልተቀጠረና ባለ ሱቅ ስላልነበረው ግን ከዚያ የ10 ዓመት የሸክላ ገበያ አልገባም። ሆኖም ማሕሙድ በራስ ሆቴል ሲዘፍን በነበረባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሊቅ ወደ ዶርዜ ወጥቶ ዘፈኑን በቴፕ ቀረጸ፤ ሸክላውም በ1977 እ. ኤ. አ. በፈረንሳይ አገር ታተመ። ማሕሙድ በአዲስ አበባ መብራት ሥር፣ ዶርዜዎቹ በቀርከሃ ቤታቸው ደጃፍ የዘፈኑት ዘፈን በመጨረሻ በፈረንሳይ መደርደሪያ ላይ ተገናኙ። ለዚህ ፈረንሳዮቹን እናመሰግናለን። ግን ምስጋናችን ኀፍረት ያለበት ነው። የዶርዜን ዘፈን ለመስማት የፈለገ የአርባ ምንጭ ተማሪ ዳገቱን ወጥቶ ዘፋኞቹን መጠየቅ ይችላል፤ ከ50 ዓመት በፊት እንዴት ይዘፈን እንደ ነበረ ለማወቅ ግን የባሕር ማዶ ሸክላ መፈለግ አለበት። የማሕሙድም የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ድምፁ ከዚህ የተለየ ዕጣ አልደረሰውም።

በ2017 ዓ. ም. በጥር ወር ማሕሙድ በ83 ዓመቱ በአዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ የመሰናበቻ ዝግጅቱን አደረገ። ሳሕን ካነሣበት ምሽት 60 ዓመት አልፎታል። በጥር ያልነበርነውን ለማካካስ፣ በስልካችን ላይ ከፓሪስ የመጣውን፣ ጠርጎ የታተመውን «ኧረ መላ መላ» ይዘን በሌላ ቀን ወደ ኩልፎዋ ሻይ ቤት ሄድን። እመቤቲቱ ጣባውን እያጠቡ አዳመጡ። ሲያልቅ፣ «ማሕሙድስ እሱው ነው፤ ግን የእኛው ላይ እንደ ዝናብ የሚንጠባጠብ ድምፅ ነበረው፤ ያ የት ሄደ?» አሉን። የሚሉት የሸክላውን መርፌ መንኮሻኮሽ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። ባለቤታቸው ሽመናውን እየሠሩ ያንን ሸክላ ሲያዞሩ፣ መወርወሪያው ከዘፈኑ ምት ጋር ሲሄድ እንደ ነበረ፣ ሸክላው ሲያልቅም ተነሥቶ የሚገለብጠው ትንሹ ልጃቸው እንደ ነበረ ነገሩን።

ያችን ሸክላ እንዲሸጡልን ብንጠይቃቸው እምቢ አሉ። አመዱን በውሃ አጥበው፣ በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው፣ ከባለቤታቸው ፎቶግራፍ ሥር በምስማር ሰቀሏት። ለትንኙ ጢስ የሚሆን የቆርቆሮ ክዳን ከገበያ ገዝተን አመጣንላቸው።